ከአምስት ሁለት

አንድ ሐኪም የሚገባውን ጥያቄ ጠይቆ፣ ውሸት ያልሆነ መልስ ተቀብሎ፣ በዚያው መልስ የተነሳ ሰው ቢጎዳ ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ስዞር ስምንት ወር ሆነኝ። መልስ አላገኘሁለትም። ምናልባት ነገሩን ከመጀመሪያው ብናገረው አንድ ቦታ ላይ ብቅ ይል ይሆናል።

ፓሉፒ ወደ ሆስፒታላችን የመጣችው በዝናቡ ወራት ነው። ሠርግ መሪ ናት። በጃዋ ደሴት፣ በሶሎ ከተማና በአካባቢዋ፣ ደህና ቤተሰብ ልጁን ሲድር ማይክሮፎን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሽበት ያለው ወንድ ነው፤ ሙሽራው ሲገባ፣ ወላጆች ጉልበታቸው ሲሳም፣ እያንዳንዱን ነገር ለክብር በሚነገረው በከፍተኛው ጃዋኛ፣ በዝግታና በዜማ ያስተዋውቃል። ፓሉፒ ግን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ እሷን ለማግኘት ሲሉ የሠርግ ቀን የሚያዛውሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ቅዳሜ ሙሽሮቹ እናታቸው እግር ሥር ተንበርክከው ሳለ ድንገት ራሷን ያዘች። «ይቅርታ» አለች በማይክሮፎኑ፤ እሱንም በከፍተኛው ቋንቋ። ከዚያ አስመልሷት ወደቀች።

በምስሉ ላይ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ትንሽ የፈሰሰ ደም አየን። ከደሙ ሥር ጥልፍልፍ ነበር። በጤነኛ አንጎል ደም ቅዳና ደም መልስ መሃላቸው ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ የደሙ ግፊት እዚያ ይበርዳል። እሷ ዘንድ ሁለቱ በቀጥታ ተጋጥመው፣ ተጠማዝዘውና አብጠው፣ የተቋጠረ ገመድ መስለው ተቀምጠዋል። ስትወለድ አብሯት የመጣ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ በሠላሳ አምስተኛው ፈሰሰ።

እኔ ፕራስቶዎ እባላለሁ። ጀርመን አሥራ አንድ ዓመት ተምሬና ሠርቼ ከተመለስኩ ያኔ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለምን ተመለስክ ሲሉኝ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ እሰጣለሁ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ እኔም አላውቅም። እዚያ ሳለሁ የዚህን አገር ሰው እናፍቅ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ግማሹን ቀን «እዚያ ቢሆን እኮ» እያልኩ አሳልፋለሁ። ባልደረቦቼ ሰልችቷቸዋል። ሄር ቶዎ ይሉኛል፤ በጀርመንኛ «አቶ» እንደማለት ነው፣ አፋቸውን አጣመው።

ፓሉፒ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእግሯ እየሄደች ምርመራ ክፍሌ ገባች። እናቷ ቡ ካርሲናህ፣ «ቡ» ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ በጥቁር ፌስታል ራምቡታን የሚባለውን ፀጉራም ፍሬ ይዘው ተከትለዋት ነበር። ለፍሬው አመሰገንኩና እንዲህ ዓይነቱን ጥልፍልፍ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ምን ያህል እንደሚያሰጋ በነጥብ እንደምንለካ ነገርኳቸው።

«ፈተና ነው በሉኛ!» አለች ፓሉፒ።

«ፈተና ነው። ግን ነጥብ የበዛበት ይወድቃል።»

ስፋቱ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አንድ፣ እስከ ስድስት ከሆነ ሁለት፣ ካለፈ ሦስት። ደሙ ወደ አንጎል ጥልቅ የሚመለስ ከሆነ አንድ ይጨመራል። የተቀመጠበት ቦታ ሥራ ያለው፣ ማለትም ቋንቋን ወይም እንቅስቃሴን ወይም እይታን የያዘ ከሆነ፣ አንድ ይጨመራል። ከፍተኛው አምስት ነው። የፓሉፒ ጥልፍልፍ ሦስት ሴንቲ ተኩል ነበር፤ ሁለት። ደሙ ላይ ላዩን ነው የሚመለሰው፤ ዜሮ። የቀረው ቦታው ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ቋንቋው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በግራው የአንጎል ጎን ይቀመጣል። ከግራኞች ግን ከሰባት አንዱ በቀኝ ጎኑ ይይዘዋል። ስለዚህ ስለ እጅ እንጠይቃለን። በቅጹ ላይ አንድ መስመር ናት።

«በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው?»

«በቀኝ።»

«የምትበዪውስ?»

እናትና ልጅ ተያዩና ሳቁ። «ፓክ ዶክተር፣ በግራው የሚበላ ሰው አለ እንዴ? ጀርመን እንደዚህ ናቸው?»

«በሁለቱም ነው የሚበሉት፤ ሹካና ቢላ ይዘው።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ቡ ካርሲናህ። «ታዲያ በየትኛው ነው የሚታጠቡት?» እኛ ዘንድ ግራ እጅ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ መታጠቢያ ነው።

እኔም ሳቅሁ። ቅጹ ላይ «ቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቡ ካርሲናህ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ሥሩ ተቀደደና ራምቡታኑ ተበተነ። አንዷ ፍሬ በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል ወደ መሬት ሄደች። ፓሉፒ እናቷን እያየች ነበር። ዓይኗ ሳይዞር ግራ እጇ ተወርውሮ ፍሬዋን አየር ላይ ቀለባት። ከዚያ ከግራዋ ወደ ቀኟ አዛወረቻትና፣ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ በአክብሮት ሰጠችኝ።

አየሁ። ማየቴን መካድ አልችልም።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባ አለን። ምስሎቹ ግድግዳ ላይ ይበራሉ፣ ነጥብ ይደመራል፣ ውሳኔ ይሰጣል። ፕሮፌሰር ሃርጆኖ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከስልሳ አምስት በላይ ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናግረው አያውቁም። የማደንዘዣ ሐኪሙ ጉንቱር ከጎኔ ነበር።

«ሁለት» አሉ ፕሮፌሰሩ። «አንዴ ፈስሷል። በዚህ ዓመት ዳግም ለመፍሰስ ከመቶ ስድስት ያህል ዕድል አለው። ልጅ ናት። እናውጣው። ማን ይቃወማል?»

«ፕሮፍ፣ ጃካርታ ልከን ቋንቋዋ በየት ጎን እንዳለ በምስል ብናረጋግጥስ?» አልኩ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ተራ እስኪደርስ ስድስት ሳምንት።»

«በስድስቱ ሳምንት ውስጥ ቢፈስስ ለእናቷ የሚነግረው ማነው?»

«ምናልባት ግራኝ ብትሆን ብዬ ነው» አልኩ።

«ጠይቀሃታል?»

«ጠይቄያታለሁ። ቀኝ ናት አለችኝ።»

«እንግዲያስ?»

ጉንቱር ወደ እኔ ዘንበል አለ፤ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ነው የተናገረው። «ሄር ቶዎ፣ ጃዋ ውስጥ እኮ ግራኝ የለም። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንጨርሳቸዋለን።»

ክፍሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ እንኳ ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ግራ እጄ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር።

የእኔን ግራ እጅ ያስተካከለችው አክስቴ ናት። ምሳ በቀረበ ቁጥር ግራ እጄን በመሃረብ ከወንበሩ ጋር ታስረው ነበር፤ ክፋት አልነበራትም፤ እያሰረች ትዘፍንልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ቀኝ ነበርኩ። ጀርመን ለሥራ ጤና ምርመራ ሲጠይቁኝም ቀኝ ብዬ ሞላሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ክር ስቋጥር ከኋላዬ ቆሞ አይቶ፣ «አንተ ግራኝ ነህ እኮ» አለኝ። ስድብ መሰለኝ። ካድኩ። እሱ ግራ ገብቶት ሄደ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ሳፍር ዋልኩ።

በዚያ ሐሙስ ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጉንቱር ያለው ቀልድ አይደለም፤ ጥያቄያችን እዚህ አገር አይሠራም፤ ምስክሩም እኔ ነኝ። እሱን ለማለት ግን በዚያ ክፍል ፊት ግራ እጄን ማንሳት ነበረብኝ። ሌላም ሐሳብ ነበረኝ፤ እሱም ውሸት አይደለም። ስድስት ሳምንት ስናስጠብቃት ቢፈስስና ብትሞት፣ ለአንዲት ራምቡታን ብዬ ገደልኳት ማለት ነው። ሁለቱን አሁን ስመዝናቸው የትኛው እንደከበደኝ መለየት ያቅተኛል። ብቻ ዝም አልኩ። ቅጹ ላይ ሁለት ተጻፈ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ድረስ ሄድኩ። ለብቻዋ ነበረች። ስልኳን እያየች አንድ ነገር ታነበንባለች።

«ስንት ሆንኩ?» አለችኝ።

«ከአምስት ሁለት።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው። ከሁለት በላይ ሲሆን ነው ማመንታት የምንጀምረው።»

ስልኳን አስቀመጠች። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልበል፣ አይቆጡም? እኔ በአክብሮት አናግርዎታለሁ፤ እርስዎ ደግሞ እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የሚያናግሩኝ።»

ደነገጥኩ። እውነቷን ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከፍተኛው ቋንቋ አፌ ውስጥ ዝጎ ነበር፤ ስጀምረው ስለምሰናከል ሁሉንም ሰው በተራው ቋንቋ ነበር የማናግረው። «ብሳሳት ይባስ ስድብ እንዳይሆን ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ይናገሩ! ካጠፉ አርምዎታለሁ። የኔ ሥራ አይደል?» ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «በሠርጉ ወር፣ በቤሳር፣ አሥራ አራት ሠርግ አለኝ። ጸጉሬን ይላጩት፣ ግድ የለኝም፣ ሻሽ አስራለሁ። ባነክስም ቆሜ ነው የምሠራው፣ ወንበር ያመጡልኛል። አፌን ግን አደራ። ሌላ የምችለው ነገር የለኝም፤ ሩዝ እንኳ አሳርራለሁ።»

«ቋንቋ ያለው በሌላው ጎን ነው» አልኩ። ልክ እንደ መጽሐፉ።

ከዚያ ጀመርኩት። እምላለሁ፣ ጀምሬው ነበር። «ፓሉፒ፣ ልጅ ሆነሽ እናትሽ መቼም...»

በሩ ተከፈተና ቡ ካርሲናህ ቴርሞስ ይዘው ገቡ። «እናትሽ ምን? ደግሞ ምን አደረግሁ?» አሉ እየሳቁ።

የግራ እጅን ነገር በእናት ፊት ማንሳት ልጅሽን ሳታሳድጊ ቀረሽ እንደማለት ነው። «እናትሽ መቼም ብርቱ ናቸው ልላት ነው» አልኩ። ቡ ካርሲናህ ሻይ ቀዱልኝ። በቀኝ እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ።

ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። ከሠራኋቸው ሁሉ ንጹሑ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ደም ቅዳዎቹን አንድ በአንድ ዘጋን፣ ጥልፍልፉ ጠቆረና ለሰሰ፣ በመጨረሻ ደም መልሱን ቆርጠን ሙሉውን አወጣነው። ፕሮፌሰሩ በማጉያው እያዩ «ቆንጆ» አሉ። ሁለት ጊዜ ደግመው አይናገሩም፤ ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ አሉት። ቀኙ የአንጎል ጎን የሚያዛቸው ግራ እጇና ግራ እግሯ እንኳ አልደከሙም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙሉ በሙሉ ነቃች። ከጉንቱር ጋር ስገባ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ ብሩህ ነበር። አየችንና መናገር ጀመረች።

ድምፁ የራሷ ነበር። ዜማውም፣ ዝግታውም፣ እንግዳ ስትቀበል ቃሉን ከፍ አድርጋ ይዛ ቀስ ብላ የምታወርድበት ሁኔታም ሁሉም ነበር። ቃሉ ግን አልነበረም። «የተከበራችሁ መስኮት» አለች፤ «ትናንትን ወደ ጨርቁ አጠጡልን፣ ሁለቱ ውሃዎች ስለ ትራሱ ገብተው...» ከዚያ ጃዋኛም ሌላም ያልሆነ፣ ቃል የሚመስል ድምፅ ብቻ ተከተለ። ጨርሳ ጸጥ አለች። እንግዶቹ እንዲቀመጡ እንደምትጠብቅ ሆና ፊታችንን ታየን ነበር።

«ሠርግ እየመራች ነው!» አሉ ቡ ካርሲናህ በደስታ። «ሰመመኑ አልለቀቃትም እንጂ።»

ጉንቱር ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ፓሉፒ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። ፈገግ አለችልኝ። «እጅሽን አንሺ።» ፈገግ አለችልኝ። ጥያቄዬ እንደ ዝናብ ድምፅ ነው የሚሰማት፤ እንደሚሰማት ያወቅሁት ቆም ብላ በማዳመጧ ብቻ ነው።

ነርሷ ገንፎ አመጣች። ፓሉፒ ማንኪያውን አነሳች። በግራ እጇ። ያለ ምንም መደናገር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ስትበላ እንደኖረች። ቡ ካርሲናህ እጇን ቸብ አደረጉት። «ንዱክ! የኔ ልጅ፣ ሰው ፊት!» ማንኪያውን አስጥለው በቀኟ አስያዟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ማፈር እያሉ፣ «አይፍረዱብኝ፣ ፓክ ዶክተር። ተመልሶባት ነው። በአራት ዓመቷ ነው ያስተውኳት። በወገብ መጠምጠሚያዬ እጇን ከጎኗ ጋር አስሬ፣ ጣቷ ላይ በርበሬ እየቀባሁ፤ ስንት ቀን አብሬያት አለቀስኩ! ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረችኝም» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ነርሷ ዞራ አየችኝ።

ቡ ካርሲናህ ግራ ተጋቡ። «በየትኛው ትጽፊያለሽ አሏት። በቀኝ ነው የምትጽፈው። ዋሸን?»

«አልዋሹም» አልኩ።

«አስተካክያት የለ እንዴ! የተስተካከለ ነገር ይወራል?» ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ፣ «ከእጇ ጋር ይገናኛል እንዴ ይሄ ነገር?» አሉ።

«ገና ነው፤ እንጠብቅ» አልኩ። ይህም ውሸት አልነበረም።

ምስል አነሳን። የደም መፍሰስም እብጠትም የለም። ያወጣንበት ቦታ ባዶ ነው፤ ጫፎቹ የጠሩ ናቸው። ቋንቋዋ የነበረው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ወደ ፕሮፌሰሩ ክፍል ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የራምቡታኗን ነገር፣ የአክስቴን መሃረብ። ብዕራቸውን ከቀኝ እጃቸው አስቀምጠው በሌላኛው እጃቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔን ያስተካከለው አባቴ ነበር» አሉ። «በማስመሪያ እየመታ።» መነጽሩን መልሰው አደረጉ። «ነጥቡ ሁለት ነበር፣ ቶዎ። ባለን መረጃ ሁለት ነበር። ሪፖርቱን እንደዚያ ጻፈው።»

ቅጹን አውጥቼ «ቀኝ» የሚለውን ሰረዝኩት። በላዩ «ግራ» ብዬ ጻፍኩ፤ ድምሩን ሦስት አደረግሁት። በማግስቱ ከፋይሉ ውስጥ አዲስ፣ ንጹሕ ቅጽ አገኘሁ። «ቀኝ። ሁለት።» የማን ጽሕፈት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ይህንንም ከዝምታዎቼ ጋር ቁጠሩት።

ለክትትል አራት ጊዜ መጣች። በመጀመሪያው ያለ ማቋረጥ ታወራ ነበር። በሁለተኛው ከንግግር አሠልጣኟ ጋር ሠርታ «እናቴ»፣ «ውሃ»፣ «አይ» ማለት ችላ ነበር፤ ሰው የሚለውም ጥቂት ጥቂት ይገባት ጀምሮ ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። መሻሻሉ ምን ይዞባት እንደሚመጣ ያየሁት በሦስተኛው ነው። ጆሮዋ ሲመለስ የራሷ ንግግር ትርጉም እንደሌለው ሰማችው። በአራተኛው ቀጠሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አፏን አልከፈተችም። ጠየቅኋት፤ አየችኝ፤ ከንፈሯን ገጠመች። ቡ ካርሲናህ ለአንዴ እንኳ አልቀለዱም። ፍሬም ይዘው አልመጡም። ፓሉፒ ስትወጣ ቦርሳዋን ያነሳችው በግራ እጇ ነበር፤ እናቷ አይተው ምንም አላሏትም።

የቤሳር ወር መጣ። ጉንቱር የእህቱን ልጅ ዳረ። ሰኞ ሲመጣ፣ «እንደ ድሮው አንድ ሽማግሌ ነው የመራው» አለኝ። «አንቀላፋን።» ከዚያ የተናገረው ገባውና ቡናውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሄር ቶዎ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን በሽተኛ ሲመጣ በየትኛው እጅህ ትጽፋለህ ብዬ አልጠይቅም። ብዕር እወረውርለታለሁ። እናቶችን ለብቻቸው አስቀምጬ የኔን መሃረብ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ የራሳቸውን ይነግሩኛል። በስምንት ወር ውስጥ አራት ግራኞች አግኝቻለሁ፤ ቅጻቸው ሁሉ ቀኝ ይላል። ይሄ ለፓሉፒ ምኗም አይደለም።

አምስተኛው ቀጠሮዋ አለፈ። ስድስተኛውም። የእናቷ ስልክ አይነሳም። ባለፈው ሳምንት በራሷ ቁጥር መልእክት ጻፍኩላት። በከፍተኛው ጃዋኛ ነው የጻፍኩት። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ሰው ሁሉ ከቢሮ እስኪወጣ ድረስ ፈጀብኝ፤ ማንንም አላሳየሁም፤ ስህተት እንዳለበት አውቃለሁ።

«የተከበሩ ወይዘሮ ፓሉፒ፣ ዶክተር ፕራስቶዎ ነኝ። በዚያ ቀን ፍሬዋን በግራ እጅዎ ሲቀልቡ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ብያለሁ። እኔም ግራኝ ነኝ። ለማንም ተናግሬ ስለማላውቅ ለእርስዎም ሳልናገር ቀረሁ። አፌን አደራ ብለውኝ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚበቃ ቋንቋ የለኝም፤ ያለኝ ይሄ ነው። ካጠፋሁ ያርሙኝ።»

በሦስተኛው ቀን መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ሰማያዊ ሆነ። እሷ ታንብበው እናቷ ያንብቡት፣ ገብቷትም እንደሆነ አላውቅም። መልስ አልመጣም።